«ለጊዜው» የተባለችው ቃል

በቋንቋችን ውስጥ ስድብ ያልሆነች፥ እርግማንም ያልሆነች፥ የሚሰማትን ሰው ጆሮ እንኳ የማትጐረብጥ አንዲት ትሑት ቃል አለች። ይሁን እንጂ ይህች ቃል ስንት ቤት እንዳዘመመች፥ ስንት ሥራ እንዳበላሸች፥ ስንት ሰው ለአደጋ አሳልፋ እንደ ሰጠች ቢቈጠር፥ ከብዙ ክፉ ቃል ይልቅ የምታስፈራ ሆና ትገኛለች። እርስዋም «ለጊዜው» የምትባለው ናት። እኔ ጠባይዋን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንዲት አሮጌ መኪና ሆድ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ወጣቶች አንባቢዎቼ ሆይ፥ ነገሩን እንደ ደረሰብኝ ልንገራችሁ።

በ2010 ዓ.ም. በአዳማ ከተማ በመምህርነት ስኖር፥ ከደመወዜ ላይ ለብዙ ዓመት ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ይዤ አንዲት ቮልስዋገን ገዛሁ። ይህች ሞተሯን ከኋላ የተሸከመች፥ ጀርባዋ እንደ ጥንዚዛ የጐበጠ፥ ሕዝባችን «ቮልስ» እያለ በቍልምጫ የሚጠራት መኪና ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለችም። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚህችው ዓይነት መኪና እንደ ነበረ ብዙ ሰው ያስታውሳል። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ፥ የመጨረሻዪቱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 በሜክሲኮ አገር ከፋብሪካ ወጥታለች። የእኔይቱ እ.ኤ.አ. የ1965 ሥሪት ስለ ነበረች በዕድሜ ከእኔ ትበልጥ ነበር።

ስገዛት አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ እንደ ሙሽራ ታብረቀርቅ ነበር። ደላላው «የሴት መኪና ናት፤ በዝግታ ስትነዳ የኖረች ናት» አለኝ። ለሙከራ ስነዳት ፍሬን በያዝኩ ቍጥር መሪዋ ትንሽ ወደ ግራ መሳቡ ተሰማኝና ብጠይቅ፥ «ይህ ምን አላት! አላይመንት ስታሠራት ይስተካከላል» ተባልኩ። እኔም ማመን ስለ ፈለግሁ አመንኩ። ዓይኔ ቀለሟን አየ፥ እጄ ገንዘቡን ቈጠረ፥ ልቤም ዝም አለ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚታለለው በሌላው ብልኀት ብቻ ሳይሆን በራሱ ምኞት ጭምር መሆኑን የተረዳሁት ኋላ ነው።

የመጀመሪያው ነገር የተገለጠው በዝናብ ጊዜ ነው። ከትምህርት ቤት ስንወጣ አንድ ባልንጀራዬን ከኋላ ወንበር አሳፍሬ፥ ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ ሳልፍ፥ «ኧረ እግሬ ረጠበ!» ብሎ ጮኸ። ቤት ደርሰን ምንጣፉን ብናነሣ፥ የመኪናይቱ ወለል ይሆናል ብዬ የማምነው ነገር ወለል አልነበረም። አንድ ሰው የዘይት ቆርቆሮ ቀዶ፥ ጠፍጥፎ፥ በሬንጅና በስቱኮ አጣብቆ በላዩ ቀለም ቀብቶበታል። ከቆርቆሮው በታች ዝገት የበላው፥ ሁለት እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበር። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ከባትሪው የሚፈስሰው አሲድ ካልታጠበ ብረቱን እያደር ይበላዋል። እንግዲህ ባልንጀራዬ በየቀኑ እግሩን ያሳረፈው በብረት ላይ ሳይሆን በአንድ የማናውቀው ሰው ውሸት ላይ ኖሮአል።

ሁለተኛው ነገር የተገለጠው በመጋቢት ሐሩር ነው። ከአዳማ ተነሥቼ በሞጆና በቆቃ በኩል ወደ ባቱ ስጓዝ፥ ዓለም ጤናን እንዳለፍኩ ሞተሩ ኀይሉን እያጣ፥ እያጣ ሄዶ ቀጥ ብሎ ቆመ። የቦታው ስም ዓለም ጤና ሲሆን መኪናዬ ግን ጤና አልነበራትም። ቮልስ በውሃ አትቀዘቅዝም፤ ራዲያተርም የላትም። የምትቀዘቅዘው በማራገቢያ ነፋስ ነው። እስኪበርድ ድረስ ከአንዲት ግራር ጥላ ሥር ሁለት ሰዓት ተቀምጬ፥ ፍየሎችን ስቈጥር ቈይቼ ወደ አዳማ ተመለስኩና አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት።

እኒህ ሰው ሥራውን በልጅነታቸው የተማሩት በከተማው ይኖር ከነበረ ጣሊያናዊ ስለ ነበረ፥ የመሣሪያውን ሁሉ ስም በዚያው ቋንቋ ነበር የሚጠሩት፤ ለመፍቻው ካቻቢቴ፥ ለሻማው ካንዴላ፥ ለማርሹ ካምቢዮ እያሉ። የሞተሩን ክዳን ከፍተው ብዙ ሳይመለከቱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ልጄ፥ ይህች መኪና ልብሷን ተገፍፋለች» አሉኝ።

«እንዴት ጋሼ?»

«በሞተሩ ዙሪያ ስስ ላሜራዎች አሉ። በጠርዙ ላይም ጎማ አለ። ሥራቸው ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ከታች ካለው ትኩስ አየር መለየት ነው። እነርሱ ከሌሉ ማራገቢያው ትኩሱን መልሶ ይስባል፤ ሞተሩ የራሱን ትንፋሽ ይተነፍሳል። አንድ ሰው ሞተሩን አውርዶ ሲመልስ መልሶ ማሠሩ ታክቶት ጥሎታል። ‹ያለ እርሱም ይነሣል› ብሎ ይሆናል። እውነቱን ነው፤ ይነሣል። በአዲስ አበባ ብርድ ዓመት ሊሄድም ይችላል። በዚህ በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ግን ዕዳው ይጠየቃል።»

ይህ ቃላቸው በልቤ ተቀምጦአል። ጥፋት ሁሉ ወዲያው አይጠየቅም። አንዳንዱ በብርድ አገር ተኝቶ ይቈይና በቈላ ይነሣል። የሠራውም ሰው በዚያ ጊዜ በስፍራው ስለማይገኝ «ያለ እርሱም ይነሣል» ማለቱ ውሸት መሆኑን ሳያውቅ ይኖራል።

ሦስተኛው ነገር ግን ቀልድ የሚነገርበት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ላይ አሰላ ሰንብቼ ስመለስ፥ ከኢተያ ወደ ዴራ ቍልቍል ስወርድ ከቀኝ በኩል አንድ እረኛ ልጅ ጥጃ እያባረረ ወደ መንገዱ ገባ። ፍሬኑን በሙሉ ኀይሌ ረገጥኩት። መኪናዋ በመቆም ፈንታ እንደ ተመታ በቅሎ አንገቷን ወደ ግራ ጠምዝዛ ወደ መንገዱ ማዶ ወረወረችኝ። ከፊቴ እህል የጫነ አይሱዙ ሽቅብ ይመጣ ነበር። ሾፌሩ ብልኅ ሰው ሆኖ ወደ ዳር ባይወጣ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍላችሁ አይኖርም ነበር። ሁለታችንም ቆምን። አቧራው ሲበርድ ልጁ ጥጃውን አንገቱን ይዞ መንገዱ መካከል ቆሞ ያየኝ ነበር። ከዐሥር ዓመት የማይበልጠው ነው። አልተቈጣኝም፥ አላለቀሰምም፤ ዝም ብሎ ብቻ አየኝ። ያ ዓይን እስከ ዛሬ ያየኛል።

ሽማግሌው መካኒክ የቀኙን የፊት ጎማ ሲፈቱት አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ወደዚያ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ቱቦ ተቈርጦ ጫፉ በብሎን ተደፍኖአል። በዚያ ዘመን በተሠራችው ቮልስ ላይ ፔዳሉን ስትረግጡ ከአንድ ማስተር ሲሊንደር ብቻ የሚገፋው ዘይት አራቱንም ጎማዎች ያዳርሳል። ስለዚህ በአንዱ በኩል ከፈሰሰ አራቱም ፍሬን ያጣሉ። የቀኙ የፊት ጎማ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ ጎሚኒ አልቃ ዘይት ስታፈስ፥ የዚያን ጊዜው ጠጋኝ እርስዋን በመለወጥ ፈንታ መንገዱን ደፈነው። ዘይቱ መፍሰስ አቆመ፤ ፔዳሉም ጠነከረ፤ መኪናዋም ተሸጠች። ከአራቱ ጎማዎች ሦስቱ ብቻ እንደሚይዙ ግን ለገዢው የነገረው የለም። ወደ ግራ የሚስበውም መሪው ሳይሆን ይኸው ብሎን ነበረ።

«ይህን የሠራው ሰው ምን ብሎ ሠራው ጋሼ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ለጊዜው ብሎ ነዋ!» አሉኝ። «ዕቃው እስኪገኝ ለጊዜው። ከዚያ ዕቃው ተገኘ፥ ጊዜው ግን አልተገኘም።»

በቍጣ ተነሥቼ ወደ ሸጠልኝ ሰው ሄድኩ። ልሰድበው የተዘጋጀሁበትን ቃል ሁሉ በመንገድ ስደረድር ሄጄ ነበር። እርሱም ሁሉን ከሰማኝ በኋላ አንገቱን ደፍቶ፥ «ወንድሜ፥ ብሎኑን አላውቅም። ወደ ግራ መሳቧን ግን አውቅ ነበር። ለእኔም የሸጠልኝ ሰው አላይመንት ነው አለኝ፤ እኔም ላንተ እንደዚያው አልኩህ» አለኝ። ያን ጊዜ የቍጣዬ ሰይፍ በእጄ ላይ ቀለጠ። ሊብሬዋን ገልጬ ባይ ከእኔ በፊት አምስት ባለቤቶች አልፈውባታል። ቆርቆሮውን የለጠፈው ማን ነው? ላሜራውን የጣለው ማን ነው? ብሎኑን የደፈነውስ? አይታወቅም። ምናልባት እያንዳንዱ አንድ አንድ ነገር ሸሽጎአል፤ ምናልባትም የሚበዙት ያልሸሸጉ፥ ነገር ግን ያልጠየቁ ናቸው። ውሸቱን አንድ ሰው ፈጥሮት ይሆናል፤ ያሻገሩት ግን ሁሉም ናቸው።

በዚህ ስፍራ አንድ ነገር እንዳታደናግሩ እለምናችኋለሁ። መጠገን ነውር አይደለም። አገራችን ጠግኖ በማኖር የምትመሰገን አገር ናት። ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ጫማ ይወጣል፤ ከዘይት ቆርቆሮ ኩራዝ ይሠራል፤ ጠቢብ መካኒክ ዕቃ ሲጠፋ በቶርኖ አስቀርጾ ይተካል። ይህ ሁሉ ክብር ነው። የተጣፈ ጋቢ የለበሰ ሰው ማንንም አላታለለም፤ እራፊው በግልጥ ይታያልና የሚያየው ሁሉ «ይህ ጋቢ ተቀዶ ነበር» ብሎ ያውቃል። ነውር የሚሆነው እራፊው ደኅና ጨርቅ መስሎ እንዲታይ ሲደረግ ነው። እንግዲህ በጥገናና በሽፈና መካከል ያለው ልዩነት በእጅ ሥራው ጥራት ብቻ የሚለካ አይደለም፤ በአፍ መናገርና ዝም ማለት ጭምር እንጂ። ያ ቆርቆሮ የለጠፈው ሰው «ወለሉ ተበልቶአል፤ ለጊዜው ለጥፌበታለሁ» ብሎ ቢናገር ኖሮ ሥራው ደካማ ቢሆንም እርሱ ግን ታማኝ ሰው ነበር።

ሕጋችንም ይህን ልዩነት ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንዲሆን ያዝዛል። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል የሸሸገ እንደ ሆነም፥ «ኋላ አልጠየቅም» የሚል ቃል በውሉ ቢያስገባ እንኳ ያ ቃል አያድነውም። ነገር ግን አምስት ሰው የተቀባበለውን ዝምታ በየትኛው ዳኛ ፊት ያቆሙታል? ሕግ የሚይዘው የሚታየውን እጅ ነው፤ የማይታየውን የሚይዘው ሕሊና ብቻ ነው።

ጉዳቱም የአንድ ገዢ ብቻ አይደለም። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ አሮጌ መኪናዎች ገበያ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። አሳቡ ይህ ነው፤ ገዢ ደኅናውን መኪና ከተሸፈነው ለይቶ ማወቅ ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። የደኅና መኪና ባለቤት በዚያ ዋጋ መሸጥ ስለማይፈልግ ከገበያ ይወጣል። በገበያው የሚቀሩት የተሸፈኑት ይሆናሉ፤ ገዢም ይህን ሲያውቅ ዋጋውን ይበልጥ ያወርዳል። እንዲህ እያለ መተማመን ሲጠፋ ገበያው ራሱ ይጠፋል። ሊቁ በዚህና በመሰለው ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት አግኝቶአል። የእኛ ሸክላ ሠሪዎች ደግሞ በቅዳሜ ገበያ ቆመው፥ ዕቃቸውን በጥፍር ሲያንኳኩ ድምፁን እያሰሙ ይሸጡ የነበረው ይህንኑ አውቀው ነው። የተሰነጠቀ እንስራ በድምፁ ይታወቃልና።

ከዚያ በኋላ መኪናዬን በሽማግሌው እጅ አንድ በአንድ አስጠገንኳት። ወለሉ ተቈርጦ ወጥቶ በአዲስ ላሜራ ተበየደ፤ የሞተሩ ልብስ ከመርካቶ ተፈልጎ ተሠራ፤ የፍሬኑ ቱቦና ጎሚኒ በአዲስ ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ በአዳማ ፀሐይም በባቱ ሐሩርም አላስቸገረችኝም። እኔም ራሴን ከእነዚያ ከአምስቱ ሰዎች የተለየሁ ጻድቅ አድርጌ ቈጠርኩ። ለተማሪዎቼም ስለ ታማኝነት ሳስተምር ታሪኩን እየጠቀስኩ «እንደዚያ ያሉ ሰዎች» እል ነበር።

ዓመታት አለፉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ እንደ ባለ ርስት ይታይ ጀመር። በዚያው ዓመት ለቤቴ ጕዳይ ገንዘብ አስፈለገኝና ቮልሲቱን ለመሸጥ ቈረጥኩ። የተጠገነውን ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ በተራ ጻፍኩ፤ ወለል፥ ሞተር፥ ፍሬን፥ ከነቀኑና ከነወጪው። ይህን ደብተር ለገዢ በማሳየቴ ምን ያህል እንደምኰራ ልነግራችሁ አፍራለሁ።

ገዢ ሆኖ የመጣው አንድ ወጣት ነው። የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረባት የወንጂ ልጅ ሲሆን፥ እናቱን ይዞ ነበር የመጣው። እናቱ ጕልበታቸውን ስለሚያማቸው መኪናዋን የፈለጋት በይበልጥ ለእርሳቸው ነው። ደብተሩን አሳየሁት፤ አነበበና ደስ አለው። በዋጋ ተስማማን። እናቲቱም የኋላውን በር ጠይቀው፥ ያ ቆርቆሮ የነበረበት ስፍራ ላይ እግራቸውን አሳርፈው ተቀመጡና፥ «አንተ ደግ ሰው ነህ፤ እግዜር ይባርክህ ልጄ። የምትነካው ሁሉ ይለምልምልህ» ብለው መረቁኝ።

«የምትነካው ሁሉ» ሲሉ እጄ ያረፈበት ነገር ትዝ አለኝ።

ይህ ከመሆኑ ሁለት ዓመት ያህል በፊት፥ በነሐሴ ወር ማታ፥ ከአርሲ ነገሌ ወደ ሻሸመኔ ስሄድ ዝናብ እንደ ገመድ ይወርድ ነበር። በዚያ መካከል የዝናብ መጥረጊያዎቹ ቆሙ። ዳር ይዤ ብመለከት ፊውዙ ተቃጥሎአል። ፊውዝ፥ የቀድሞ ሰዎች ቫልቮላ የሚሉት፥ ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ራሱ ተቃጥሎ ሽቦውን የሚያድን ትንሽ ነገር ነው። መለዋወጫ አልያዝኩም ነበር። አንድ መንገደኛ የጣለውን የሲጋራ ፓኮ አንሥቼ፥ የውስጡን የሚያብረቀርቅ ወረቀት በተቃጠለው ፊውዝ ላይ ጠቅልዬ መለስኩት። መጥረጊያዎቹም ሠሩ። በብልኀቴ ተደስቼ በአፌ የተናገርኩትን አስታውሳለሁ፤ «ለጊዜው» ነበር ያልኩት።

ወረቀቱ አሁንም እዚያው ነበረ። በደብተሬ ላይ ግን የለም። የሌሎችን ጥፋት ሁሉ ከነቀኑ ጽፌ የራሴን ረስቼዋለሁ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው ለእኔ ኖሮአል።

በዚያች ቅጽበት በልቤ ውስጥ የተነሣውን ክርክር አልሸሽጋችሁም። አንደኛው አሳብ፥ «ምን አላት! አንዲት ፊውዝ ናት። ነገ ለራሱ ይለውጣታል» አለኝ። ሁለተኛው፥ «ገንዘቡ ተቈጥሮ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ አሁን ብትናገር ይጠረጥርሃል፤ የቀረውንም አያምንህም» አለኝ። ሦስተኛው በጣም ብልጡ ሆኖ፥ «አሁን ዝም በል፤ ማታ ስልክ ደውለህ ትነግረዋለህ» አለኝ። ይህ ሦስተኛው አሳብ ራሱ «ለጊዜው» እንደ ነበረ ልብ በሉ። አምስቱ ሰዎች እንዴት ዝም እንዳሉ ያን ጊዜ ገባኝ። ክፉዎች ስለ ነበሩ አይደለም፤ ገንዘቡ በጠረጴዛው ላይ ስለ ነበረ ነው እንጂ።

ያ ከኢተያ ቍልቍለት ላይ ያየኝ ልጅ ዓይን ባይታወሰኝ ኖሮ ዝም እል ነበር ብዬ እፈራለሁ። ወጣቱን «ቈይ፥ ገንዘቡን አንሣው፤ አንድ ነገር አልነገርኩህም» አልኩት። አብረን ጎንበስ ብለን የፊውዙን ሳጥን ከፈትን። ወረቀቱ ጠቍሮአል። ከበስተኋላው ያለው ሽቦ ልባሱ ቀልጦ እርቃኑን ወጥቶአል። ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ስለ ሆነ የቤንዚን ታንከሯ ያለው ከፊት ነው። የቀለጠው ሽቦ ከታንከሩ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር። ፊውዙ ሊሞትለት የተሠራለትን ሽቦ እኔ በሲጋራ ወረቀት አስይዤ፥ ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተ ሰቤን ይዤበት ስዞር ኖሬአለሁ።

ወጣቱ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ኋላም «ሌላስ?» አለኝ። ይህች አንዲት ቃል ከስድብ ይልቅ ቈረጠችኝ፤ ሆኖም መጠየቁ ትክክል ነበረ። «ሌላ የማውቀው የለም» አልኩት። ገንዘቡን ሰብስቦ እናቱን ይዞ ሄደ። እናቱ ሲወርዱ ምርቃታቸውን አልመለሱም፤ አልጨመሩምም።

በሦስተኛው ቀን ብቻውን መጣ። ሽማግሌው መካኒክ ዘንድ ወስዶ አስመርምሮ፥ የሽቦው ሥራ የሚያስወጣውን 20 ሺህ ብር ከዋጋው ቀንሶ ገዛኝ። ደብተሩን ሲቀበለኝ፥ «የፊውዟንም ይጻፉልኝ» አለኝ። ጻፍኩለት፤ «በነሐሴ ወር በሲጋራ ወረቀት ለጊዜው የተሠራ፤ የሠራሁት እኔ» ብዬ ስሜን ፈረምኩበት። በዚያ ደብተር ላይ ካሉት ሁሉ እውነተኛዪቱ መስመር እርስዋ ሳትሆን አትቀርም።

ወጣቶች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ መኪና ለሚገዛ ሰው የሚሆን ምክር ልታወጡ ትችላላችሁ፤ ምንጣፉን አንሡ፥ ጎማውን አስፈቱ፥ ቀለሙን አትመኑ። መልካም ምክር ነው። ነገር ግን እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ሁላችሁም ነገ አንድ ነገር ለሌላ ሰው ታስረክባላችሁ። አንዱ ቤት ሠርቶ ያስረክባል፤ አንዱ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ያስረክባል፤ አንዱ ለታናሹ ትምህርት፥ አንዱም ለልጁ ስም ያስረክባል። በዚያ ጊዜ እጃችሁ የለጠፈው ቆርቆሮ በላዩ ይኖር ይሆናል። ሰው ነንና «ለጊዜው» ሳንል አንኖርም፤ በዝናብ መካከል መቆምም አይቻልም። ስለዚህ ይህችን ቃል ፈጽማችሁ አትናገሩ አልላችሁም። ስትናገሯት ግን ሁለት ዋሶች ጥሩላት፤ አንደኛው የምታበቃበት ቀን፥ ሁለተኛው ለሚቀጥለው ሰው የሚናገር አፍ ነው። ቀን የሌላት «ለጊዜው» ለዘላለም ትሆናለች፤ አፍ የሌላት «ለጊዜው» ደግሞ ወጥመድ ትሆናለች።

ፊውዝ ትንሽ ነገር ነው፤ ሲቃጠልም ጕዞን ያቋርጣል። የሰው ሕሊናም እንዲሁ ነው። ቀይ ሆኖ ሲያቆመን፥ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልለን መንገዳችንን ለመቀጠል እንቸኵላለን። ያን ጊዜ መጥረጊያው ይሠራል፥ መብራቱ ይበራል፥ መኪናውም ይሄዳል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ሽቦው ሲቃጠል የሚነግረን አይኖርም።

ባለፈው ዓመት በአዳማ አደባባይ ቆሜ ስጠባበቅ ያቺ ሰማያዊ ቮልስ በፊቴ አለፈች። ልጁ ይነዳል፤ እናቱ ከኋላ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው አንድ ጋሪ ሲገባ ፍሬን ያዘ። መኪናዋም ወደ ግራ ሳትል፥ ወደ ቀኝም ሳትል፥ ባለችበት ቀጥ ብላ ቆመች። እናቲቱ አላዩኝም። እኔ ግን ከሄዱ በኋላም ጥቂት ጊዜ ቆሜ ቀረሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።